የእግዚአብሔርን ፍቅር በየቀኑ እንዴት እንኑረው? ከአንድ ሰው ጀምሩ

«እግዚአብሔር ይወደኛል» ለማለት ማንም አይቸገርም። ጥቅሱ የታክሲ መስታወት ላይ አለ፤ በቴሌግራምም በአበባ ታጅቦ በየጠዋቱ ይደርሰናል። ጭንቁ የሚመጣው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። አለቃ ይቆጣል፣ አከራይ ኪራይ ይጨምራል፣ ልጅ ትኩሳት ይይዛታል። ያኔ ያ ጥቅስ ምን ይሠራል?

ይህ ጽሑፍ እምነቱ ላለው፣ ግን ከቅዳሴ ወይም ከአምልኮ ሲወጣ በምን እንደሚጀምር ግራ ለሚገባው ሰው ነው። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በቀን አንድ ሰው ላይ ነው። ሁሉንም ልውደድ ያለ ሰው ማንንም ሳይወድ ይመሽበታል።

1. ከመስጠታችሁ በፊት ተቀበሉ

ብዙዎቻችን የምንደክመው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ተነሥተን «ዛሬ ጥሩ ሰው እሆናለሁ» ብለን እንወጣለን። ውሳኔው ግን የታክሲ ሰልፍ እስኪያልቅ እንኳን አይቆይም። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ ቅደም ተከተሉን አስቀምጦታል። ፍቅርን የጀመርነው እኛ አይደለንም (ቁጥር 10)። እኛ የምንወደው እርሱ አስቀድሞ ስለወደደን ነው (ቁጥር 19)።

ስለዚህ ስልክ ከመክፈታችሁ በፊት ከቁጥር 7 እስከ 21 ያለውን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ቀስ ብላችሁም ብታነቡት ጥቂት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ይህንኑ ክፍል ደጋግሙት። አዲስ ነገር ፍለጋ አትሩጡ። ከዚያ በኋላ ሉቃስ 15ን፣ ሮሜ 8 ከቁጥር 31 ጀምሮ እና መዝሙር 103ን (በግእዙ አቆጣጠር 102ን) መውሰድ ትችላላችሁ። ዳዊት የምትደግሙ ከሆነ ድግማችሁን አትተዉ፤ ይህችን ጨምሩባት እንጂ።

ሕፃን ያላችሁ እናቶች «ጸጥ ያለ ጠዋት ከየት ይምጣ?» ማለታችሁ አይቀርም። ልክ ናችሁ። ቁርስ እየሠራችሁ በድምፅ የተቀረጸውን ስሙት። ታክሲ ውስጥም ይሆናል።

ስትጨርሱ ጸሎቱ አጭር ይሁን፦ «ጌታ ሆይ፣ ምንም ሳልሠራ ወደኸኛል። ዛሬ ወደ ማን ልሂድ?»

2. አንድ ስም ጻፉ

«ድሆችን እወዳለሁ» አይባልም። ማንን? ስሙን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ሉቃስ 10 ላይ አንድ የሕግ አዋቂ ኢየሱስን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጌታ ትርጓሜ አልሰጠውም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴ ስለደበደበው ስለ አንድ ሰው ነገረው። በዚያ ሲያልፍ ያየው ሳምራዊ ያደረገውን አስተውሉ። ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ በገዛ አህያው ጫነው፣ ወደ ማደሪያ ወስዶ አስታመመው። በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፍሎ መንገዱን ቀጠለ። አንድ ዲናር በዚያ ዘመን የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ ነበር። ሰውየው ኑሮውን ጥሎ አልቀረም። የሚችለውን አደረገ፣ የቀረውን ለሌላ አደራ ሰጠ፣ ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ። «ከገባሁበት መውጫ የለኝም» ብላችሁ ለምትፈሩ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስም ሲጠፋችሁ ከቤታችሁ ጀምሩ። ሚስት፣ ባል፣ ቤት ውስጥ የምታግዛችሁ ልጅ፣ የግቢው ዘበኛ። በማኅበርና በኅብረት «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» የሚባልለት፣ ቤቱ ሲገባ ግን ሰላምታ የሚቆጥብ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እንደሚመስለኝ የፍቅር ፈተናው የቤት በር ላይ ነው።

3. ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ነገር አድርጉ

ማታ አደርገዋለሁ ያላችሁት ነገር አይደረግም። ደውሉ፣ ሻይ ጋብዙ፣ የተቀያየማችሁትን ባልደረባ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። ትንሽ ይሁን፤ ብቻ ጊዜ ወይም ገንዘብ ወይም ኩራት ያስወጣችሁ።

ትንሽ መሆኑ አያሳፍርም። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ ወሎ በረሃብ ተመትቶ ነበር። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ነው። ያንኑ ሰጡ። ሲመለሱ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ደረሱ፤ ኋላ ላይ ብዙ ሕፃናትን ያሳደገ ድርጅት ሆነ። ያን ቀን ግን ድርጅት ላቋቁም ብለው አልተነሡም። ፊታቸው ያለውን ሰው ነው ያዩት።

ዘመዳችሁ አረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ላይ ካለች፣ አንድ ቀን ስለ ገንዘብ ሳታነሡ ደውሉላት። ስልክ ማንሣት የማይፈቀድላት ከሆነ የሁለት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ላኩ። የግቢውን ወሬ ንገሯት፣ እናቷን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ አስመርቋት። ሌሊት ሥራ ጨርሳ ትሰማዋለች።

4. የታመመ ስትጠይቁ

ጌታ በማቴዎስ 25 ላይ «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ነገር እኛ ዘንድ ባህልም ነው። ሆኖም ባህል ስለሆነ ብቻ ሳናስብ የምንሠራው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ለአስታማሚዋ ደውሉ። ዛሬ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል፣ ምን ይበላል፣ ምን ተከልክሏል የሚለውን የምታውቀው እሷ ናት። ስኳር ላለበት ሰው ጁስ ተሸክሞ መሄድ የተለመደ ነው። ሙዝና ብርቱካኑም ኮመዲኖው ላይ ተከምሮ ይበላሻል። የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ ሶፍት፣ የታሸገ ውሃ፣ አንድ ፔርሙስ አጥሚት፣ ገመዱ ረጅም የሆነ የስልክ ቻርጀር። የሆስፒታል ሶኬት መቼም ከአልጋው እንደራቀ ነው።

ገብታችሁ «እግዚአብሔር ይማርህ» በሉና ቁጭ በሉ። ቆሞ የሚጠይቅ ሰው የቸኮለ ይመስላል። ሩብ ሰዓት ይበቃል። «ሐኪሙ ምን አለ?» እያሉ መመርመር ይቅር፤ ከእናንተ በፊት የመጡት ሁሉ ጠይቀውታል። «የአክስቴም ልጅ ይሄው ነበር ያመመው» ብሎ መጀመርማ ጭራሽ። ወሬው ቀብር ላይ እንደሚያልቅ በሽተኛው ከፊታችሁ ያነበዋል።

መጸለይ ስትፈልጉ ፈቃድ ጠይቁ። ጸሎቱ አጭር ይሁን፤ ድምፃችሁም አጠገቡ የተኛውን አይረብሽ። «መድኃኒቱን ተወው፣ እምነት ይበቃሃል» የሚል ምክር ግን ከአፋችሁ አይውጣ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥23)። አብሮት የሚጓዘው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጠበልና ጸሎት ከኪኒን ጋር ጠብ የላቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ ግን ለአስታማሚዋ አድርጉት። «ዛሬ ሌሊት እኔ ልደር፤ አንቺ ቤት ሄደሽ ገላሽን ታጥበሽ ተኚ» በሏት። ሌሊቱን ወንበር ላይ እያደረች ለሰነበተች ሴት ከዚህ የሚበልጥ ስብከት የለም። ማደር ካልቻላችሁ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ተተኩላት። ልጆቿን ከትምህርት ቤት መቀበልም ያው ነው።

5. ስትረዱ አታሳፍሩ

የዕብራውያን ሕግ ባለ እርሻው አዝመራውን እስከ ዳር ድረስ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ያዛል (ዘሌዋውያን 19፥9-10)። ድሃው በገዛ እጁ ይሰበስባል፤ ማንም ፊት አይቆምም። ባለ እርሻው ቦዔዝ ደግሞ አንድ እርምጃ ጨመረ። መጻተኛዋ ሩት እየቃረመች ሳለ ጎልማሶቹን «ከነዶው እየመዘዛችሁ ጣሉላት፣ አትገሥጿትም» አላቸው (ሩት 2)። እሷ የቃረመች መስሏት ወደ ቤቷ ገባች።

እኛ ሰፈር ይህ እንዴት ይሆናል? ባለሱቁ ዘንድ ሂዱና የዚያችን ጎረቤት ዱቤ ከፍላችሁ «ማን እንደከፈለ አትንገራት» በሉት። መስከረም ከመጥባቱ በፊት ደብተርና እስክርቢቶ ገዝታችሁ በልጃችሁ እጅ ላኩ። ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተት የተረፈውን ብር ለብቻው አስቀምጡ። ኢሳይያስ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ይናገራል። ስትሰጡ ፎቶ አትነሡ። ቀኝ እጃችሁ የምትሠራውን ግራ እጃችሁ አትወቅ ያለው ጌታ ካሜራውንም የሚያይ ይመስለኛል።

በየወሩ የምትሰጡት ከሆነ ወሰኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ። ከቤት አስቤዛ ነጥቆ መስጠት ሚስትና ልጆችን ያስከፍላል።

6. የተኳረፋችሁት ሰው ስም ሲመጣ

አንድ ቀን ወረቀቱ ላይ መጻፍ የማትፈልጉት ስም ይመጣባችኋል። ወንድም ሊሆን ይችላል፣ በውርስ የተጣላችሁት። ወይም አብራችሁ የዘመራችሁት ሰው።

ማቴዎስ 5፥23-24 መሥዋዕትህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ይህ የተነገረው ገሊላ ነው። መሠዊያው ያለው ደግሞ ኢየሩሳሌም፣ የሦስት ቀን ያህል የእግር መንገድ ርቆ። መባውን እዚያ አስቀምጦ ገሊላ ድረስ ለእርቅ መመለስ ማለት ምን ያህል መንገድ እንደሆነ ሰሚዎቹ ገብቷቸዋል። እኛ ስልክ ይዘን ነው የምንቸገረው።

በመጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱ፤ ማቴዎስ 18፥15ም የሚለው ይህንኑ ነው። በጽሑፍ መልእክት አትጀምሩት፤ የእርቅ ቃል በጽሑፍ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ክስ ይመስላል። «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» አትበሉ። ያደረጋችሁትን ጥሩት፦ «ሰው ፊት ያንን መናገር አልነበረብኝም፤ ይቅር በለኝ።» የእሱን ጥፋት በዚያው ቀን አታንሡ። እሱ ካነሣ ስሙት፣ ካላነሣ ለሌላ ቀን ይደር። በሩን ከዘጋባችሁ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ላኩ። ጾም ሊያዝ ሲል ብዙ ሰው ልቡ ስለሚለሰልስ ጊዜው ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ይቅር ማለትና ወደ ዱላ መመለስ አንድ አይደሉም። የሚደበድብ ባል ቤት «ታገሽ፣ መስቀልሽ ነው» ብላችሁ ሴትን አትመልሱ። ከልቧ ቂሙን አውጥታ፣ ከበሩ ርቃ መኖር ትችላለች።

7. ማታ

አምስት ደቂቃ። ወረቀቱን አውጡ፣ ለዚያ ሰው ጸልዩ፣ ቅደዱት። መዝገብ አትያዙ፤ መቁጠር ስትጀምሩ ውለታ ማስቆጠርም ይከተላል። ሳታደርጉት ከመሸ ስሙን ለነገ አሳድሩት።

8. ምንም በሌላችሁ ቀን

እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል። ጸሎቱ ከጣሪያ የማያልፍ ይመስላል፣ ሰው ማየት ያስጠላል። በ1ኛ ነገሥት 19 ላይ ነቢዩ ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞቱን ለመነ። መልአኩ ሲመጣ ግን አልገሠጸውም፣ «እምነትህ የት አለ?» አላለውም። ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ደግሞ መጥቶ አበላው። እግዚአብሔር ያናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ኮሬብ ተራራ ሲደርስ ነው።

በዚያ ቀን ወረቀቱ ላይ የራሳችሁን ስም ጻፉ። ትኩስ ነገር ብሉ፣ ስልካችሁን አጥፉና ተኙ። ለአንድ የምታምኑት ሰው ደውላችሁ «ዛሬ አልቻልኩም፣ ጸልይልኝ» በሉት። ምሳ ይዤ ልምጣ ካለም እምቢ አትበሉ። ሁኔታው ሳምንታት ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ ወይም ሞትን መመኘት ከመጣ ለሐኪም ንገሩ፤ ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከመጋቢያችሁ ጋርም ተነጋገሩ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ የሚያደርሳችሁ ሰው ጥሩ።