ስለ አልዛይመርና ስለ ታው ፕሮቲን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ አልዛይመር የሚጻፈውን የሚከታተል ሰው ሁለት የፕሮቲን ስሞች ደጋግመው ያጋጥሙታል፤ በሕመምተኞቹ አንጎል ውስጥ የሚከማቹት አሚሎይድና ታው። አሚሎይድ ብዙ ተወርቶለታል። ታው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል፤ በዚያችም ውስጥ ስህተት አይጠፋም። በብዛት የማያቸው እነዚህ ናቸው።

ታውን እንደ መርዝ መቁጠር

ታው ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያገኙት ከበሽታ ጋር አላያያዙትም። ማይክሮቲዩብ የሚባሉት የሴል ቀጫጭን ቱቦዎች እንዲገጣጠሙ የሚያግዝ ፕሮቲን ሆኖ ነው ያገኙት። የነርቭ ሴል ረጅም ጭራ አለው። ማይክሮቲዩብ በዚያ ጭራ ውስጥ ለሴሉ የሚያስፈልገው ሁሉ የሚመላለስበት ሐዲድ ነው ብንል፣ ታው ሐዲዱን አጥብቆ የሚይዘው ብሎን ነው።

ነገሩ የሚበላሸው በታው ላይ የሚለጠፈው ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ከልክ ሲያልፍ ነው። መጠነኛው የተለመደ ነው፤ ሴሉ ታውን የሚቆጣጠረውም በእሱ ነው። ሲበዛ ግን ታው ከቱቦው ይላቀቃል። ከዚያ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሴሉ ውስጥ የክር ውትብትብ ይሆናል። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሕመምተኛውን አንጎል በማይክሮስኮፕ መርምሮ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ውትብትብ ነበር። ክሩ ከታው የተሠራ መሆኑ የታወቀው ግን በ1980ዎቹ ነው።

ታውን የአሚሎይድ ተከታይ ብቻ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። በአልዛይመር አሚሎይድ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የሚከማቸው ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ስለዚህ “አሚሎይድ ዋናው፣ ታው ትራፊው” ማለት ይቀናል። ግን የሰውየው ችግር ምን ያህል እንደከፋ ማወቅ ከፈለጉ ይበልጥ የሚነግርዎት ታው ነው። አሚሎይድ አንጎሉን የሞላው ሰው ደህና ሊያስብ ይችላል። ውትብትቡ ወደ ውጨኛው የአንጎል ክፍል በሰፊው ከተዛመተ ግን ደህና ሆኖ መቆየት ከባድ ነው።

ዋናው ጥያቄ ታው የት ደረሰ የሚለው ነው። ሃይኮና ኢቫ ብራክ የተባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1991 ጉዞውን በስድስት ደረጃ ከፈሉት። መጀመሪያ ከሂፖካምፐስ አጠገብ ባለ ትንሽ ቦታ ይታያል። ቀጥሎ አዲስ ነገር የምንይዝበትን ሂፖካምፐስን ያዳርሳል። በመጨረሻ ወደ ውጨኛው የአንጎል ክፍል ይወጣል። ብዙ ሕመምተኞች በመጀመሪያ የትናንቱን ረስተው የልጅነታቸውን ጥርት አድርገው የሚያወሩት ከዚህ መንገድ ጋር ይገጥማል።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። በኮሎምቢያ ፕሬሰኒሊን አንድ በሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ሰፊ ቤተሰብ አለ። የወረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ገና በ40ዎቹ ዕድሜው መርሳት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳይዋ ይፋ የሆነው አንዲት የቤተሰቡ አባል ግን ለውጡን ብትወርስም እስከ 70ዎቹ ዕድሜዋ ደህና ቆየች። አንጎሏ በፔት ስካን (እነዚህን ክምችቶች በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ በሚያሳይ የምስል ምርመራ) ሲታይ አሚሎይዱ ጢም ብሏል። ታው ግን ትንሽ ነው። ኤፒኦኢ በሚባለው ሌላ ጂን ላይ ያላት ብርቅ ለውጥ ሳይጠብቃት አልቀረም ተባለ። በአንድ ሰው ሕግ አይወጣም፤ ያም ሆኖ “አሚሎይድ ካለ አለቀ” የሚለውን ሰው ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል።

በዚህ ተነስቶ አሚሎይድን ጨርሶ መጣልም ሌላ ስህተት ነው። በአልዛይመር ታው ከተወሰነ ቦታ አልፎ እንዲዛመት የሚገፋው አሚሎይድ ይመስላል። አሚሎይድን የሚያጸዱት ሌካኔማብና ዶናኔማብ የተባሉት መድኃኒቶች በሽታውን ባያቆሙትም በመጠኑ አዝግመውታል።

ታው የታየበትን ሁሉ አልዛይመር ማለት

እ.ኤ.አ. በ1998 ታውን በሚሠራው ጂን ላይ የሚከሰት ለውጥ ያለ አሚሎይድ ዲሜንሺያ (የማሰብና የማስታወስ ችሎታ መዳከም) እንደሚያመጣ ታወቀ። ይህ በዘር የሚመጣ ዓይነት ብርቅ ነው፤ ታው ብቻውን አንጎልን ሊጎዳ እንደሚችል ግን አረጋገጠ። የፊተኛውን የአንጎል ክፍል የሚያጠቃው የፒክ በሽታም የታው በሽታ ነው። ጭንቅላታቸውን ደጋግመው የሚመቱ ቦክሰኞችና የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ የሚታየው ሲቲኢ የሚባል የአንጎል በሽታም እንዲሁ፤ እሱ እስካሁን በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ አንጎል ሲመረመር ነው።

ፒኤስፒ የሚባለው ሌላ የታው በሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በመርሳት አይደለም። ሰውየው ያለ ምክንያት ይወድቃል፣ በተለይ ወደ ኋላ። ዓይኑን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ደረጃ ሲወርድ እግሩን ማየት ይቸግረዋል። ቤተሰብ “ዕድሜ ነው” ይላል፣ ሐኪም ፓርኪንሰን ይላል፣ ዓመታት ያልፋሉ። ሁሉም የታው በሽታ ቢሆንም ክሩ የሚታጠፍበት ቅርጽ ከበሽታ በሽታ ይለያያል። በአልዛይመር ያለው ቅርጽ በዝርዝር የታየው እ.ኤ.አ. በ2017 ካምብሪጅ ውስጥ ነው።

በእርጅና ምክንያት መጠነኛ ውትብትብ መኖሩም ብቻውን በሽታ አያሰኝም። በብዙ አረጋውያን አንጎል ውስጥ አለ።

የደም ምርመራውን አሳስቶ ማንበብ

ፒ-ታው 217 የሚባለው የደም ምርመራ ስሙ ራሱ ያሳስታል። ውጤቱ ከፍ ካለ “አንጎሌ በታው ውትብትብ ተሞልቷል” ብሎ የሚደነግጥ ሰው አለ። በደም ውስጥ የሚለካው ግን ውትብትቡ አይደለም። በፕሮቲኑ ሰንሰለት በ217ኛው ቦታ ላይ ፎስፌት የተለጠፈበትና በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፍ ታው ነው። እሱ ደግሞ ከፍ የሚለው አሚሎይድ መከማቸት ሲጀምር፣ ውትብትቡ ገና በሰፊው ሳይዛመት ነው። ስለዚህ ውጤቱ በዋናነት የሚናገረው ስለ አሚሎይድ ነው! ውትብትቡ የት እንደደረሰ የሚያሳየው የታው ፔት ስካን ነው።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። የፒኤስፒ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይጨምርም፤ “ነጻ ነህ” ተብሎ የታው በሽታ ሊኖርበት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2025 የፈቀደው ምርመራ የታሰበው ምልክት ላለባቸው ሰዎች ነው። ምንም ሳይሰማዎት ለማወቅ ጉጉት ብቻ ባይሞክሩት እመክራለሁ። ምልክት ካለም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርትና የሚወሰዱ መድኃኒቶች አስቀድመው ይታዩ። እነዚህ ሊታከሙ ይችላሉ።

“ታውን ያጥባል” የሚባል እንክብል መግዛት

እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት። ታው ላይ ያነጣጠረና ለአልዛይመር የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም። ጎሱራኔማብና ሴሞሪኔማብን የመሳሰሉ ታውን የሚይዙ ፀረ-እንግዳ አካላት በትልቅ ሙከራ ተፈትነው የተጠበቀውን ያህል አልሠሩም። አንዱ አስቸጋሪ ነገር ታው በአብዛኛው ሴል ውስጥ መሆኑ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ በብዛት የሚደርሰው ሴል ውጭ ያለውን ነው። አሁን እየተሞከሩ ካሉት መካከል በአከርካሪ ፈሳሽ በኩል የሚሰጥና ሴሉ ታውን አሳንሶ እንዲሠራ የሚያደርግ አለ። በሙከራ መሳተፍ የሚፈልግ ሕመምተኛ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ የነርቭ ሐኪሙን ይጠይቅ። በእውነተኛ ሙከራ የሚሞከረውን መድኃኒት ሕመምተኛው አይገዛም፤ ገንዘብ ካስከፈሉት ይጠርጥር።