ብርድ ነው እያልኩ የቆየሁት ሳል፦ የቀላል አስም ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሄ

ባለፈው ክረምት ብርድ መታኝ ብዬ አንድ ወር ገደማ ሳልኩ። ዝንጅብል በማር ጠጣሁ። ዳማከሴ ታሸልኝ። ሰፈር ካለ ፋርማሲ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ሁለት ዙር ጨረስኩ፣ ምንም የለም። ሳሉ ቀን ቀን ይጠፋና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ቀጠሮ እንዳለው ሰው ከች ይላል። በመጨረሻ የሄድኩባት ሐኪም ስለ አክታው ብዙም አልጠየቀችኝም። "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚብስብህ? ምን ስትሠራ?" አለችኝ። አስም ማለት ሰው አየር አጥሮት ሲወድቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀላሉ አስም ግን የሚታወቀው በሰዓቱና በቦታው ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል።

ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአየር ቧንቧው ሽፋን ይቆጣና ያብጣል፣ ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታ ይጨመርበታል። ቧንቧው ሲጠብ ትንፋሹ ያፏጫል።

ሌሊት ወይም ንጋት ላይ የሚቀሰቅስ ሳል

የአየር ቧንቧ በተፈጥሮው ሌሊት ትንሽ ይጠባል። ጤነኛ ሰው አይታወቀውም፣ አስም ያለበት ግን ይነቃል። ከዚያ ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ግድግዳው ረጥቦ ሻጋታ ያወጣል። የኔ አልጋ ከሻጋታው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነበር! አልጋውን አራቁት፣ ምንጣፉን ከመኝታ ቤት አወጣሁ፣ አንሶላውን በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ማጠብ ጀመርኩ። ሻጋታውን በበረኪና የሚያጸዳ ሌላ ሰው ይሁን፣ እናንተ ከቤት ውጡ፤ ሽታው ራሱ ያስነሳዋል።

ግን ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው "አስም ነው" ብላችሁ አትቀመጡ። መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ አድርጉ፣ በተለይ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ሌሊት ካላባችሁ ወይም አክታው ደም ካለው።

ዳገት ላይ የሚያጥር ትንፋሽ

አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን በእግሩ ይዞ ፒያሳ የወጣ ሰው ሁሉ ያለከልካል፣ ስለዚህ ማለክለክ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ልዩነቱ ከቆማችሁ በኋላ ነው። ጤነኛው ትንሽ ቆም ሲል ይረጋጋል። አስም ያለበት ግን ብዙ ጊዜ ካረፈ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይብስበታል፣ ሳሉ ይነሳል፣ ደረቱን በገመድ የታሰረ ያህል ያጠብቀዋል። ምክንያቱ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በፍጥነት መግባቱ ነው። ስፖርት አትተዉ። ቀስ ብላችሁ አሟሙቁ፣ ጠዋት በብርድ አፍና አፍንጫችሁን በሻርፕ ሸፍኑ፣ ሐኪም ካዘዘላችሁ ደግሞ የሚሳበውን መድኃኒት ከስፖርቱ 15 ደቂቃ በፊት ውሰዱ።

ሲር ሲር የሚል ድምፅ፣ ጭስና አቧራ ባለበት

እዚህ ላይ ከእማዬ ጋር ተጣልተናል። ቡና ሲፈላ ከሰሉ ቤት ውስጥ፣ እጣኑ ከላዩ፣ መስኮቱ ዝግ። ሁለተኛው ስኒ ሳይደርስ ደረቴ ሲር ሲር ይላል። እጣኑ ይቅር ብላት "እጣን የሌለው ቡናማ ምኑን ቡና ሆነ!" አለችኝ። ታረቅን፦ ከሰሉ በረንዳ ላይ ፍም እስኪሆን ይቆያል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ እኔ በሩ ጋ እቀመጣለሁ። በርበሬ ሲቆላ ግን ከግቢ እወጣለሁ፣ እሱ ላይ ድርድር የለም።

የመንገዱ ይከብዳል። ፈረሳና ግንባታ ባለበት ሁሉ አቧራ፣ መሀል ላይ ደግሞ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ ሚኒባስ። ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ ለብርድ ይረዳል እንጂ ደቃቅ አቧራ አያስቆምም፤ ጠበቅ ብሎ ፊት ላይ የሚገጥም ማስክ ይሻላል። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ሰው ላይ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን፣ እንዲሁም ለደም ግፊት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል አስም ያስነሳሉ። መድኃኒት ስትገዙ አስም እንዳለባችሁ ተናገሩ።

ፓፉ አልሠራ ሲል

ፓፍ ማለት በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ነው፤ ካልሠራ ብዙ ጊዜ ችግሩ አጠቃቀም ነው። እኔ ራሴ ወራት ሙሉ ምላሴን ነበር የማክመው! ነቅንቁት፣ ትንፋሻችሁን አውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ መሳብ ስትጀምሩ ተጫኑት፣ እስከ 10 ድረስ እየቆጠራችሁ ትንፋሻችሁን ያዙ። ካልተመቻችሁ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፣ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሱት፣ እጠቡና ሳትወለውሉ አድርቁት። ፓፉን ቀዳዳው ላይ ግጥም አድርጋችሁ ተጫኑና በጠርሙሱ አፍ በኩል ወደ ውስጥ ሳቡ። ቀልድ አይደለም፣ የሚሠራ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመድኃኒት ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ሳልቡታሞል ጡንቻውን ለጊዜው ያላቅቃል፣ እብጠቱን ግን አይነካም። እብጠቱን የሚቀንሰው በየቀኑ የሚሳበው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው ነው፤ እሱ ደግሞ ለመሥራት ቀናት እስከ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ከወሰዳችሁ በኋላ አፋችሁን ተጉመጥመጡ። "ፓፍ ሱስ ያስይዛል" የሚለው የሰፈር ወሬ ነው። ሳልቡታሞል በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ካስፈለጋችሁ ወይም በአስም ምክንያት ሌሊት ከነቃችሁ፣ አስሙ አልተያዘም ማለት ነውና ሐኪማችሁ ጋ ተመለሱ።

ሳትጠብቁ የምትሮጡበት

አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መጨረስ ካቃታችሁ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም ፓፉ ምንም ካላደረገ ወዲያው 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ ደውሉ፤ ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። እስከዚያው ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አትተኙ። ሳልቡታሞሉን በጠርሙሱ በኩል አንድ አንድ ጊዜ እየተጫናችሁ አራት ጊዜ ሳቡ፣ አራት ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተሻላችሁ ድገሙት፤ መንገድ ላይም ቢሆን።