ሌክቸር በጆሮ፦ አንድ ሙሉ ኮርስ ቤት ሆኖ ለመጨረስ

የሬዲዮ ትረካ ሲሰማ ላደገ ጆሮ የአንድ ሰዓት ሌክቸር ማዳመጥ አይከብደውም። የሚከብደው ሃያ ምናምኑን ክፍል ዳር ማድረስ ነው። ብዙ ሰው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ያቆማል። ትምህርቱ ስለከበደው ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ፣ ሰዓቱና ስሞቹ ቀድመው ስላልተዘጋጁለት ነው።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ክፍል ውስጥ የተቀዱ ሙሉ ኮርሶችን «ኦፕን ዬል ኮርስስ» በሚባለው ገጹ በነፃ ያቀርባል። ምዝገባ የለውም፣ ሰርተፍኬትም አይሰጥም። ከእነዚህ አንዱ የፕሮፌሰር ፖል ፍሪድማን የጥንቱ መካከለኛ ዘመን ታሪክ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ284 እስከ 1000 ያለውን ዘመን የሚሸፍን፣ 22 ክፍል። ለአማርኛ አንባቢ ይህንን የምንመርጠው በውስጡ ከሚነሡት ሰዎች ግማሹን ቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ ፋይሉን። ከቪዲዮው ይልቅ የድምፁን ኤምፒስሪ አውርዱ፣ ዋይፋይ ባለበት፣ ሁሉንም በአንዴ። አንድ ሰዓት ንግግር በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት 58 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ በ64 ኪሎቢት ሞኖ (ግራና ቀኙ ያልተለየ አንድ ድምፅ) 29 ገደማ። አንዱን ክፍል በአማካይ 45 ደቂቃ ብንለው 22ቱ አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል ናቸው፤ በ64 ሲሆኑ ከ500 ሜጋባይት በታች ይገባሉ። ሚሞሪው የጠበበበት ሰው ቪኤልሲ ወይም ኦዳሲቲ በሚባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ወደ 64 ሞኖ ይቀይራቸው። ሙዚቃ ስላልሆነ የሚጎድል ነገር አይሰማም። ከ32 በታች ግን አትውረዱ፤ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ይደባለቁና በባዕድ ቋንቋ ለሚያዳምጥ ሰው ቃሉ ይጠፋበታል።

ስማቸውን 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ አስተካክሉ። 1፣ 2፣ 3 ብቻ ከሆነ ብዙ ማጫወቻዎች ከ1 ቀጥለው 10ን ይከፍታሉ፤ ከሮም ቀውስ ዘላችሁ ፍራንኮቹ መሀል ትገኛላችሁ። ማጫወቻው ደግሞ ያቆማችሁበትን ደቂቃ የሚያስታውስ፣ 15 ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍና የእንቅልፍ ሰዓት (በሞላችሁት ደቂቃ ራሱ የሚያጠፋ) ያለው ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉት ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ስሞቹ። አማርኛ ተናጋሪን ከሌክቸሩ የሚያስወጣው ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው። መምህሩ «ዳዮክሊሽን» ሲል እንግዳ ሰው ይመስላል፤ በስንክሳርና በቅዱስ ጊዮርጊስ ታሪክ የምናውቀው ዲዮቅልጥያኖስ ራሱ ነው። ኮርሱ የሚጀምርበት 284 እሱ የነገሠበት ዓመት ነው፣ ዓመተ ሰማዕታትም የሚቆጠረው ከዚያ ነው። «ኮንስታንቲን» ቆስጠንጢኖስ፣ «ናይሲያ» ኒቅያ፣ «ካልሲደን» ኬልቄዶን፣ «ኦገስቲን» አውግስጢኖስ፣ «አንቲዮክ» አንጾኪያ፣ «ጀስቲኒያን» ዮስጢኒያኖስ። እያንዳንዱን ክፍል ከመክፈታችሁ በፊት በገጹ ላይ ያለውን የጽሑፍ ቅጂ አምስት ደቂቃ ቃኙና ስድስት ሰባት ስም በሁለት ረድፍ ጻፉ፦ በግራ እንደሚጠራው፣ በቀኝ እንደምናውቀው። ስሙ ሲጠራ ፊት የሚመጣለት ሰው ሌክቸሩን አይለቀውም። ከራሳችን ታሪክም በዚያው ዘመን የነበረ ሰው አጠገቡ አስቀምጡ። ስለ ቆስጠንጢኖስ ስትሰሙ፣ ልጁ ቆስጠንጢዮስ ስለ ፍሬምናጦስ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው መሆኑን በጎን ጻፉ። ዮስጢኒያኖስ በ527 ሲነግሥ ንጉሥ ካሌብ ወደ ሂምያር (የዛሬዋ የመን) ከዘመተ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነው። እንዲህ የተሰካ ዘመን አይረሳም። ዓመቶቹ ግን ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው፤ እያዳመጣችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ አትሞክሩ፤ ሰባት ወይስ ስምንት ስትሉ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያልፋችኋል።

ካርታም ያስፈልጋል። መምህሩ ክፍል ውስጥ ስለሆነ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» ይላል፣ እናንተ ግን አታዩም። ከስፔን እስከ ፋርስ፣ ከብሪታንያ እስከ ቀይ ባሕር የሚያሳይ አንድ ገጽ አትሙና የምታዳምጡበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አውሮፓን ብቻ የሚያሳየው አይበቃም፤ 14ኛው ክፍል ላይ ዓረቦች ሲነሡ ከካርታው ትወጣላችሁ።

እጅ ሥራ ላይ ሆኖ ማዳመጥ ይቻላል፣ ሥራው ከተመረጠ። ምስር መልቀም፣ ልብስ ማጠፍ፣ ጎመን መቀንጠስ ጥሩ ናቸው፦ ዓይንና እጅ ይይዛሉ፣ ቃል አይፈልጉም። ሽንኩርት ማቁላላት አይሆንም፤ የዘይቱ ጩኸት ቃላቱን ይሸፍናል፣ ድምፁን ስትጨምሩ ደግሞ የስፒከሩ ድምፅ ይበላሻል። ቡና መቁላትም እንደዚያው ነው። ሒሳብ መሥራትና መልእክት መላላክ ፈጽሞ አይሆኑም። አንድ አእምሮ ሁለት ንግግር አያዳምጥም። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናቡ ሲወርድ ከስፒከር ጋር አትታገሉ፤ ኢርፎን አድርጉ፣ ድምፁንም ከመሣሪያው አቅም 60 በመቶ አታሳልፉ። ሕፃን ወይም በር የሚጠብቅ ሰው አንዱን ጆሮ ክፍት ይተው፤ ያን ጊዜ ስልኩ ላይ «ሞኖ» የሚለውን ማብራት አትርሱ፣ አለዚያ ስቴሪዮ ከሆነ ግማሹ ድምፅ ሊቀርባችሁ ይችላል። ስፒከሩ ካጉረመረመ በማጫወቻው የድምፅ ማስተካከያ (ኢኳላይዘር) ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቀንሱ፣ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ያለውን በትንሹ ከፍ አድርጉ፤ ቃል የሚለየው እዚያ ነው።

ፍጥነቱን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ላይ 0.9 አድርጉት፣ ጆሮ የሰውየውን አነጋገር እስኪለምድ። ከዚያ ወደ 1 መልሱት። በ1.5 ኮርስ መጨረስ ይቻላል፣ መያዝ ግን አይቻልም። በሳምንት ሦስት ክፍል ይበቃል፤ 22ቱ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ያልቃሉ። በቀን ሦስት አራት የሚሰማ ሰው ንጉሥን ከንጉሥ ማምታታት ይጀምራል።

የሚያጸናው ግን ክለሳው ነው። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን ማታ ማታ መጽሐፍ ሳይከፍት በጆሮው ተቀብሎ እየደጋገመ ያጸናዋል። እናንተም ክፍሉ ሲያልቅ ወዲያው ሌላ አትክፈቱ። አሥር ደቂቃ ቆዩና የሰማችሁትን ድምፅ አውጥታችሁ በአማርኛ ተናገሩ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ቤት ውስጥ የሚሰማ ሰው ካለ ለእሱ ንገሩት። የተደናቀፋችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ከዚያ በአንድ ካርድ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ጻፉ፦ መምህሩ ያነሣው ጥያቄ፣ የሰጠው መልስ፣ እናንተ ያልተቀበላችሁት ወይም ያልገባችሁ። እያዳመጡ ብዙ መጻፍ አይመከርም። ያመለጠ ቃል ካለ ደቂቃዋን ብቻ ምልክት አድርጉና በኋላ በጽሑፍ ቅጂው ፈልጉት።

መኝታ ላይ የምታዳምጡ ከሆነ የእንቅልፍ ሰዓቱን 20 ደቂቃ ላይ ሙሉት፣ በነጋታውም እነዚያን 20 ደቂቃዎች ከመነሻቸው ድገሙ። አልጋ ላይ የሚሰማው የተሰማ ይመስላል እንጂ አይያዝም።

ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቋረጥባችሁ ከ01 አትጀምሩ፤ ኮርሱ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ካርዶቹን በተራ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ መጨረሻ የሰማችሁትን አንድ ክፍል ብቻ ድገሙና ወደሚቀጥለው እለፉ።