«ምን በሉ?» «እንጀራ»፦ የሥነ ምግብ ኢንተርኖች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዷ ኢንተርን (ተለማማጅ) የስኳር ሕመም ያለባቸውን የአንድ አባት የምግብ ታሪክ ጽፋ አመጣችልኝ። ቁርስ፣ እንጀራ። ምሳ፣ እንጀራ። እራት፣ እንጀራ። ከታች ስሟና ፊርማዋ። ባሕር ዳር ውስጥ ኢንተርን መቀበል ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ወረቀት በተለያየ የእጅ ጽሑፍ ስንት ጊዜ አየሁት! ዘንድሮ የምትወጡት ልጆች፣ እባካችሁ ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

«እንጀራ» ብሎ ያቆመ ሰው ገና ምንም አልነገራችሁም። የምን እንጀራ? ጤፍ ብቻ ነው? ዳጉሳ ነው? በቆሎ ገብቶበታል? በፎገራ በኩል የመጣ ሰው ከሆነ ሩዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። በምን ወጥ ተበላ? ሽሮው ዘይቱ ምን ያህል ነበር? ደግሞ እኛ ጋ ምግብ ለየሰው በሳህን ተለክቶ አይቀርብም። አምስትና ስድስት ሰው አንድ ትሪ ይከባል። «ስንት እንጀራ በሉ?» ብትሏቸው አባባ ደስ እንዲላችሁ አንድ ቁጥር ይጠሩላችኋል። እንዲህ ጠይቁ፦ ትሪው ላይ ስንት እንጀራ ተዘረጋ? ስንት ሰው ቀረበ? ማን ቀድሞ ተነሣ? እናትየዋ አብራ በላች ወይስ ልጆቹ ከጠገቡ በኋላ የተረፈውን?

ጠላን ምግብ ብሎ የሚቆጥርላችሁ የለም፤ ለብቻው ጠይቁ። ቡናንም እንደዚያው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ስኒ ነው። በቀን ሁለቴ ከተፈላ ስድስት። በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ካለ አሥራ ሁለት ማንኪያ ሆነ። «ስኳር አልነካም» ያሉት ሰውዬ አልዋሿችሁም። ቡና መጠጣት እንጂ ስኳር መብላት ሆኖ አልታያቸውም።

ቀኑንም እዩ። ሐሙስ ጠዋት «ትናንት ምን በሉ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ የምትጽፉት የረቡዕን ጾም ነው። ከዚያ ተነሥታችሁ «ወተትና እንቁላል አይጠቀምም» ብላችሁ ቻርት (የታካሚው መዝገብ) ላይ ስታሰፍሩ፣ በማግስቱ የሚያነበው ሐኪም አምኗችሁ ይወስናል። የጣና ዳር ሰው ሁሉ በጾም አሳ ይበላል ብላችሁም አትገምቱ። የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ።

አንድ ኢንተርን ከዘጌ የመጣችን እናት «ከላማችሁ ወተት ለልጁ በቀን ሁለት ኩባያ ስጪው» ሲላት ሰማሁ። ዘጌ በጥንት ልማዱ አይታረስም፣ ከብትም አይረባበትም። ቡና ሸጦ እህሉንም ወተቱንም ከገበያ የሚገዛ አገር ነው። እናትየዋ ግን «እሺ» አለች። ሴቶቻችን ነጭ ጋወን ለለበሰ ሰው «እሺ» ማለት ይቀናቸዋል፤ እሺታዋን እንደ መግባባት አትቁጠሩት።

እኔም ይህን ጥፋት አጥፍቻለሁ። ልምምድ ላይ እያለሁ ለአንድ ገበሬ የስኳር ታካሚ ከውጭ መማሪያ መጽሐፍ የቀዳሁትን የምግብ ዝርዝር ሰጠሁ። አፕል፣ ብሮኮሊ፣ ሳልመን ነበረበት። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አራት ላይ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከወር በኋላ ሲመለሱ ያንኑ ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። እጥፋቱ ላይ አልቆ ሊቀደድ ደርሷል። ማንበብ እንደማይችሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። አልጠየቅኋቸውም ነበር። የደም ስኳራቸው ከመጀመሪያውም ብሶ መጣ። ዛሬም ወረቀት ለሰው ከመስጠቴ በፊት እጄ ይዘገያል።

ወደ ልኬት ልምጣ። ሕፃን ከነጋቢው አይመዘንም፤ ይህን ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

የክንድ ልኬት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግራ ክንድ፣ በትከሻና በክርን መካከል፣ እጁ ዘና ብሎ ተንጠልጥሎ ይለካል። ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ማለት ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ነው። ጥብጣቡን ትንሽ ስታላሉት 11.4 የነበረው 11.7 ይሆንና መታከም ያለበት ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

አንድ ምሽት አንዱ ኢንተርን ደንግጦ ደወለልኝ። «ልጁ ክብደቱ ቀነሰ፣ ወደ ኤፍ 100 ላሳድገው?» አለ። ኤፍ 75 እና ኤፍ 100 በከባድ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ልጆች የሚሰጡ የሕክምና ወተቶች ናቸው። «እግሩን ተጭነህ አይተሃል?» አልኩት። ዝም አለ። ሄጄ አብረን የሁለቱንም እግሩን ጀርባ በአውራ ጣት ሦስት ሰከንድ ያህል ተጫንን። የቀረው ጎድጓዳ፣ የእብጠቱ ምልክት፣ በገባ ዕለት ካየሁት በጣም ያነሰ ነበር። ልጁ የቀነሰው እብጠቱ እየወጣለት ስለሆነ ነው፤ እየዳነ ነበር። ኤፍ 75 በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ፣ ኤፍ 100 ደግሞ 100 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። ከፍ ያለው ቁጥር የተሻለ ይመስላችኋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የተጎዳ ልጅ ልብና ኩላሊት ያን አይሸከሙም። ቶሎ ላጥግበው ብሎ መቸኮል ሊገድለው ይችላል። የብረት መድኃኒትም በዚያ ደረጃ አይሰጥም።

ኢንሱሊን የሚወስድን ሰው «አይጹሙ» ብሎ ማለፍም ሌላው ስህተት ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። «እሺ» ብለው ይወጣሉ፣ ይጾማሉ፣ ከእናንተ ደግሞ ይደብቃሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ቆይተው ስኳራቸው ወርዶ ሲወድቁ ነው የምትሰሙት። የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ንገሯቸው። ስልክ ደውዬ ከአባ ጋር የተነጋገርኩበት ጊዜ አለ፤ ከእኔ ሰዓት ሙሉ ምክር የአባ አንድ ቃል በለጠ። ረመዳን ለሚጾሙትም ወሩ ሳይገባ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ጨርሱ።

አሜሪካ ሄጄ የተመዘገበ ዳይቲሽያን (የአመጋገብ ባለሙያ) እሆናለሁ የምትሉም ብዙ ናችሁ። የእዚህ ልምምድ በቀጥታ አይቆጠርላችሁም። ከ2024 እንደ ፈረንጆች መጀመሪያ ወዲህ እዚያ ለፈተና ለመቀመጥ ማስተርስ ያስፈልጋል። ቢያንስ 1,000 ሰዓት ክትትል ያለበት ልምምድም ይጠየቃል፤ የውጭ ዲግሪም አቻነቱ መገምገም አለበት። ያም ሆኖ የት ዋርድ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሠራችሁ የሚለውን በየቀኑ እየጻፋችሁ ሳምንቱ ሳያልቅ አስፈርሙ። ከዓመት በኋላ የፈራሚ ያለህ እያሉ በየቢሮው የሚዞሩ ተመራቂዎችን አውቃለሁ፤ ግማሾቹ አለቆቻቸው ሥራ ቀይረው ከተማም ለቀዋል።