ሣጥኑን ማመን፦ ፖቴዝ 25ን በትንሹ ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ አረፈ። ያበረራት ፖቴዝ 25 ለኢትዮጵያ የመጣች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ነበረች። ሰባት ወር ቆይቶ፣ ራስ ጉግሣ ወሌ በሸፈቱ ጊዜ፣ ማዬ በፖቴዙ መጀመሪያ ወረቀት በተነባቸው፣ ኋላም ቦምብ ጣለባቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ጦርነቱ አለቀ።

እኔ ይቺን አውሮፕላን በ1 ለ72 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ አንሳ፣ ከፕላስቲክ ክፍሎች የምትገጣጠም ሞዴል አድርጌ ሠርቻታለሁ። ሁለቴ። የመጀመሪያዋ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ነው ያለቀችው።

እንዲህ ያሉ ብዙ ገዢ የሌላቸው አውሮፕላኖች ሞዴል የሚወጣው በጥቂት ቁጥር ነው። ትልልቆቹ አምራቾች በጠንካራ ብረት ቅርጽ በብዙ ሺህ ያመርታሉ። ጥቂት የሚያወጡት ግን ርካሽና ለስለስ ያለ ቅርጽ ይጠቀማሉ፤ ፕላስቲኩም የሚገባው በዝቅተኛ ግፊት ነው። ስለዚህ ክፍሎቹ ወፍራም ናቸው፣ ጠርዛቸው ትርፍ አለው፣ እርስ በርስ የሚያያዙበት ሹልና ቀዳዳም የላቸውም። ሣጥኑ ላይ የተሳለችው አውሮፕላን ቆንጆ ናት። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ግን አውሮፕላን ሳይሆን ጥሬ ዕቃ ነው። የኔ ጥፋት ሁሉ የመጣው ይህን ካለመረዳት ነው።

የትኛዋን እንደምትሠሩ ሳትወስኑ መጀመር

ፖቴዝ 25 አንድ አውሮፕላን አይደለም። እንደ ሞተሩ ዓይነት አፍንጫው ይለያያል። ሎሬን የተባለው ሞተር የተገጠመላት አለች፤ ሲሊንደሮቹ በሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አራት አራት ናቸው። ክብ ሞተር ያላትም አለች፤ ከፊት ስትታይ ሌላ አውሮፕላን ነው የምትመስለው። ለቅኝ ግዛት ተብላ ተጨማሪ ነዳጅ እንድትይዝ የተሠራችም አለች። እኔ ከተለያዩ ፎቶዎች ደስ ያለኝን እየመረጥኩ ስሠራ ቆይቼ፣ በመጨረሻ የትም ቦታ በርራ የማታውቅ አውሮፕላን ወጣችልኝ።

አንድ ፎቶ ምረጡ። አንዲት አውሮፕላን፣ በአንድ ቀን። ከዚያ የጎደለውን ብቻ ከሌላ ፎቶ ሙሉ።

ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ስለሆኑ ደግሞ በቀለም ላይ ተጠንቀቁ። በዚያ ዘመን ቀይ ብርሃን የማያነብ ፊልም በብዛት ይሠራበት ነበር። በእንዲህ ያለ ፊልም ቀይ ቀለም ጥቁር ሊመስል ምንም አይቀረው፣ ቢጫም ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ግን ይነጣል። አረንጓዴ ቢጫ ቀያችን በእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግራ ያጋባል። «እዚህ ጋ ጨለማ ነው፣ ስለዚህ ጥቁር ነው» ብሎ መደምደም የለም።

ሳይለኩ መቁረጥ፣ ሳይሞክሩ ማጣበቅ

የእውነተኛዋ የላይኛው ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 14.14 ሜትር ነው። ለ72 ሲካፈል 19.6 ሳንቲሜትር ይመጣል። ማስመሪያ አንሱና ኪቱን፣ ማለትም በሣጥኑ የመጡትን ክፍሎች፣ ለኩት። ሁለት ሚሊ ቢጎድል አታልቅሱ፤ ግን ሳታጣብቁ ብታውቁት ይሻላል።

የክንፉን የኋላ ጠርዝም ተመልከቱ። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው፣ በእውነተኛዋ ላይ ከ7 ሳንቲሜትር በላይ መሆኑ ነው። ይሄ ክንፍ ሳይሆን ጣውላ ነው። ጠርዙን ከውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት፣ ከላይ ያለውን የጨርቅ ቅርጽ እንዳትነኩ። ለዚህ ሥራ አንድ ሙሉ ምሽት መድቡ፤ ከሥራው ሁሉ የሚያሰለቸው እሱ ነው፣ ሲያልቅ ግን ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል።

የአብራሪው ክፍል ሌላ ወጥመድ ነው። ዝርዝሩ ያማረ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ በሚጠነክር ነገር) ተሠርቶ ይመጣል። የሬዚኑ ግድግዳ ግን ወፍራም ነው። ቀብታችሁ፣ አሳምራችሁ፣ አጣብቃችሁ ስታበቁ ሁለቱ የአካል ግማሾች አልገጥም ይላሉ። እኔ በጉልበት ገጠምኳቸውና በሞሌታ አሰርኩ። ጠዋት ስነሳ ከሆዷ ስር ተሰንጥቃለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። አሁን የአብራሪውን ክፍል፣ ሁለቱን ግማሾችና የታችኛውን ክንፍ በአንድ ላይ በወረቀት ፕላስተር አስሬ እሞክራለሁ። ካልገጠመ እፈታና እሞርዳለሁ። አምስት ስድስት ጊዜ መመላለስ ያለ ነው።

ክንፍን ግጥም አድርጎ ብቻ መተው

መያዣ ሹል የሌለው ክንፍ ከአካሉ ጋር የሚገናኘው ፊት ለፊት ብቻ ነው። ማጣበቂያው ይይዛል፣ ግን እስኪነካ ድረስ። በትንሽ የእጅ መሰርሰሪያ ሁለቱንም ጎን ብሱና ከአግራፍ የተቆረጠ ሽቦ አስገቡ።

ለሁሉም አንድ ማጣበቂያ

የፕላስቲክ ማጣበቂያ የሚሠራው ፕላስቲኩን አቅልጦ በማዋሃድ ነው። ሬዚንን አያቀልጥም፤ ለጥቃቅን ዝርዝሮች አብሮ የሚመጣውን ቀጭን የነሐስ ክፍልም እንዲሁ። ለእነሱ ሱፐር ግሉ ነው። ሱፐር ግሉ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አድሮ ሲደርቅ ከፕላስቲኩ ይጠነክራል፤ በማግሥቱ ስትሞርዱት ፕላስቲኩ ያልቃል፣ እሱ ጉብ ብሎ ይቀራል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞርዱት። ትነቱም የንፋስ መከላከያውን መስታወት እንደ ጉም ያነጣዋል። ለመስታወት ተራው ነጭ ኮላ ይበቃል፤ ሲደርቅ አይታይም።

ሬዚኑን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ አትርሱ። ከቅርጹ እንዲላቀቅ የተቀባው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። የተጣመመ የሬዚን ክፍል ከመጣላችሁም አትሸበሩ፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል፣ ቀጥ አድርጎ ማቀዝቀዝ ነው። ስትሞርዱት ግን በውኃ አርጥባችሁ፣ ማስክ አድርጋችሁ። አቧራው ለሳንባ አይበጅም። በዚህ ቀልድ የለም።

የነሐሱን ክፍሎች በጠንካራ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በሴራሚክ ላይ፣ ቁረጧቸው። ለስላሳ ነገር ላይ ከሆነ ይጎብጣሉ። ምንጣፍ ያለበት ክፍል ውስጥ አትሥሩ። አንድ የመሪ ፔዳል ምንጣፌ በልቶብኛል፣ እስካሁን አልመለሰም።

ሁለቱን ክንፎች አጣብቆ ከዚያ ለመቀባት ማሰብ

ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ለሠራ ሰው ትልቁ ፈተና ይሄ ነው። የላይኛው ክንፍ ከተቀመጠ በኋላ ብሩሽ የሚገባበት ቦታ የለም። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። መጀመሪያ በሁለቱ ክንፎች መካከል የሚወጠሩት ሽቦዎች የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች በሙሉ፣ ከላይም ከታችም፣ በ0.3 ሚሊ ብሱ። ቀጥሎ ሁሉን ለየብቻው ቀቡ። ዲካሉንም (በውኃ ተነክሮ የሚለጠፈውን የምልክትና የፊደል ሥዕል) ለጥፉ። የላይኛው ክንፍ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እሱንም በአንዴ አይደለም። መሃል ያሉትን አጫጭር ምሰሶዎች ብቻ አጣብቁና ክንፉን አስቀምጡ። ከሁለት በኩል በመጻሕፍት ወይም በልጆች ሌጎ ደግፉት። ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን እዩት። እዚህ ላይ ሱፐር ግሉ አትጠቀሙ፤ ለማስተካከል ጊዜ የሚሰጥ ማጣበቂያ ነው የሚያስፈልገው። አሳድሩት። የውጭዎቹ ምሰሶዎች በማግሥቱ ይገባሉ፤ የኪቱ ከረዘመ ወይ ካጠረ ራሳችሁ ቆርጣችሁ ሥሩ። በመጀመሪያዋ ሞዴሌ ሁሉንም ምሰሶ በአንድ ምሽት ገጠምኩ። የቀኝ ክንፏ ወደ ታች አዘቀዘቀ፣ እስከ መጨረሻውም አልተቃናም።

ሽቦውን ማወፈር

0.3 ሚሊ ክር ቀጭን ይመስላል። በዚህ ልኬት ግን ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ውፍረት ያለው ገመድ ነው። መርከብ ይጎትታል። ክፍሎቹ ተንጠልጥለው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ጣሉ እንዳትሉ። ሻማ ላይ፣ ነበልባሉ ሳይነካው አሙቁት። ሲለሰልስ ከእሳቱ አውጥታችሁ በሁለት እጅ ጎትቱት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ዘንግ ይወጣችኋል። በልኩ ቆርጣችሁ በወረንጦ አስገቡና ጫፉን በነጭ ኮላ ያዙት። ከላላ፣ የሚጨስ የዕጣን ስንደዶ አጠገቡ አድርጉ፣ ሳታስነኩት። ፕላስቲኩ በሙቀቱ ይኮማተርና ጥብቅ ብሎ ይወጠራል። ቤቱም ይሸታል፤ እዚህ ሜሪላንድ ያለችው ጎረቤቴ ቡና አፍልቼ የከለከልኳት ይመስላታል።

ዲካሉን ሳይሞክሩ መንከር

በጥቂቱ የታተመ ዲካል ውኃ ውስጥ ሲገባ ሊበጣጠስ ይችላል። ከማይፈልጓቸው ምልክቶች አንዱን መጀመሪያ መንከር ነው። ከተሰባበረ፣ ወረቀቱን በሙሉ አንድ እጅ ቨርኒሽ ረጭታችሁ አድርቁና እያንዳንዱን በመቀስ ዙሪያውን ቁረጡ። የምትለጥፉበትም ቦታ አብረቅራቂ ይሁን። ሸካራ ቀለም ላይ ከስር አየር ይገባና እንደ ብር ያንጸባርቃል።

ፊደል ያለበት ዲካል ከደረሳችሁ ደግሞ ራሳችሁ አንብቡት። አታሚው እኮ አማርኛ አያነብም። የኔ ላይ «ተ» በ«ቱ» ተተክታ ነበር። ያቺን ቅጥያ በምላጭ ጫፍ ፍቄ አነሳኋት። አንዳንዴ ከፈረንጅ ሞዴል ሠሪዎች የምንበልጠው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ካለቀች በኋላ እንግዳ ፊት ማውጣት

ሁለተኛዋን የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከማስገባቴ በፊት አጎቴ ለቡና መጡ። «ይቺ ነገር ምንድን ናት?» አሉና፣ ለማየት፣ በላይኛው ክንፍ ብድግ አደረጓት። አራት ሽቦ ተበጠሰ። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ በልጅነታቸው አባታቸው ስለ አንቺም ያወሩላቸውን አንድ ሰዓት ሙሉ ነገሩኝ። ሽቦዎቹን በማግሥቱ ቀጠልኳቸው።