የአየር ሁኔታ አፕ ስትሰሩ ቁጥር መጣ ብላችሁ አትመኑት

ኮኦርዲኔት (የቦታ መለያ ቁጥሮች) ወስዶ የአየር ሁኔታ የሚያመጣ አፕ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው፣ ዩአርኤል ትጠራላችሁ ጄሰን (ዳታው የሚመጣበት የጽሑፍ ፎርማት) ትቀበላላችሁ በቃ። ችግሩ ስትሳሳቱ አፑ ብዙ ጊዜ ክራሽ አያደርግም፣ ደህና የሚመስል ቁጥር ያወጣና እናንተም ሰራ ብላችሁ ትተኛላችሁ። እኔ የተሸወድኩባቸውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ላቲትዩድና ሎንግቲዩድ ማገላበጥ ነው። ትምህርት ቤት ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲምታታብን የነበረው ነገር ኮድ ላይም ተከትሎን መጣ። አዲስ አበባ 9.03 ሰሜን 38.74 ምስራቅ አካባቢ ነች፣ ገልብጣችሁ ከላካችኋት ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባህር ውስጥ ትገባለች። ላቲትዩድ እስከ 90 ስለሚፈቀድና ሁለቱም ቁጥር ከዚያ በታች ስለሆነ ሰርቨሩ ምንም አይልም፣ የሜዲትራንያንን ሙቀት ይልክላችኋል። የሚያምታታው ደግሞ ጎግል ማፕስ ላይ ኮፒ ስታደርጉ ላቲትዩድ ይቀድማል፣ ጂኦጄሰን (የካርታ ዳታ የሚጻፍበት ፎርማት) ግን ሎንግቲዩድን ነው የሚያስቀድመው። አገራችን ውስጥ ላቲትዩድ ከ3 እስከ 15፣ ሎንግቲዩድ ከ33 እስከ 48 ነው፣ ስለዚህ ላቲትዩዱ በልጦ ከመጣ ኮዱ ይጩህ።

ሌላው ስልኩ ገና ቦታውን ሳያውቅ መጠየቅ። አንድሮይድ ላይ የመጨረሻው ሎኬሽን ነል (ባዶ) ሊሆን ይችላል፣ እሱን በ0 ከሞላችሁት 0፣0 ማለት ጊኒ ባህረ ሰላጤ ላይ ያለ ውሃ ነው። የዛ ሙቀት እኮ ለአዳማ ሰው ምንም አያጠራጥርም!

ሎኬል፣ ማለትም የስልኩ የቋንቋና የአገር ሴቲንግ፣ ያንገበገበኝ ነገር ነው። ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ አፑ አይሰራም አለኝ፣ እኔ ጋ ይሰራል። ለካ ስልኩ ጀርመንኛ ስለሆነ ቁጥሩን ቴክስት ሳደርገው ነጥቡ ኮማ ሆኖ 50.11 የነበረው 50,11 ሆኗል። ዳታውን የማመጣበት ሰርቪስ ኦፕን-ሜቲዮ ደግሞ በኮማ የተለዩ ቁጥሮችን እንደ ብዙ ቦታ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ፍራንክፈርትን ጠይቄ የሁለት ቦታ ሊስት መጣልኝ፣ ሁለተኛው አረቢያን ባህር መሃል ነበር። ገልፍ ያሉ ወገኖች ስልክ በአንዳንድ የአረብኛ ሎኬል ከሆነማ አሃዞቹም የአረብኛ ይሆናሉ። ዩአርኤል ስትሰሩ ሎኬሉን ዩኤስ ብላችሁ እሰሩት።

የኬልቪን ስህተት ቶሎ ይታያል፣ ኦፕንዌዘር የሚባለው ሌላ ሰርቪስ ዩኒት ካልነገራችሁት 293 ምናምን ያመጣል፣ ሜትሪክ በሉት። ኤፒአይ ኪውን (ሰርቪሱ የሚሰጣችሁን የሚስጥር ቁልፍ) አፑ ውስጥ አትቅበሩ፣ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ ፋይል) ተፈትቶ ይነበባል። ፕሪሳይስ ሎኬሽን አትጠይቁ፣ ለአየር ግምታዊው ይበቃል፣ ኮኦርዲኔቱንም ወደ 2 አስርዮሽ ካጠጋጋችሁት አንድ ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ የጎረቤቶችን ጥያቄ በአንድ ካሽ (አስቀምጣችሁ በያዛችሁት መልስ) ትመልሳላችሁ።

ከፍታን መርሳት ግን እኛ አገር ዋናው ነው። የአየር ትንበያ ሞዴሎቹ ምድርን በሳጥን ነው የሚከፋፍሏት፣ የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ለምሳሌ 0.25 ዲግሪ ማለት ወደ 28 ኪሎሜትር። ቦሌ ኤርፖርት 2,330 ሜትር አካባቢ ነው፣ እንጦጦ 3,200 ገደማ፣ ሁለቱ አንድ ሳጥን ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል ብትሉ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ በላይ ነው፣ አንዱ በቲሸርት አንዱ በጋቢ። ኦፕን-ሜቲዮ በከፍታ ያስተካክላል፣ የምትጠቀሙት ሰርቪስ ይህን ካላደረገ ራሳችሁ አስሉት።

ሰዓቱ ላይ ሁለት ጉድ አለ። ኦፕን-ሜቲዮ ላይ ታይምዞን ካልሰጣችሁ የሰዓቶቹ ዝርዝር በግሪንዊች ነው የሚመጣው፣ አሁን 15 ሰዓት ነው ብላችሁ 15፡00 የሚለውን ብታነሱ የምታሳዩት የማታ 12 ሰዓቱን ነው። ታይምዞኑን ኦቶ አድርጉት። ሁለተኛው የእኛ አቆጣጠር ነው፣ ዳታውን ሳትነኩ ስክሪኑ ላይ ብቻ 6 ሰዓት ቀንሱ። እኔ ሳልቀንስ «ዝናብ 3፡00» ብዬ አሳየሁ፣ እማዬ ጠዋት 3 ሰዓት መስሏት ጠበቀች፣ ሰዓቱ ሲያልፍ በርበሬዋን አሰጣችው፣ 9 ሰዓት ላይ ወረደበት።