የተማሪዎችን የአእምሮ ጤና የሚደግፍ ሕግ እንዴት ይረቀቃል?

የተማሪዎችን ጤና ተቃውሞ እጁን የሚያወጣ የምክር ቤት አባል ጥቂት ነው። ስለዚህ ከባዱ ሥራ ድምፅ ማሰባሰቡ ላይሆን ይችላል። ከባዱ፣ የጸደቀው አንቀጽ መማሪያ ክፍል ድረስ እንዲዘልቅ አድርጎ መጻፉ ነው።

1. ነባሩን ሕግ አንብቡ

አዲስ አዋጅ ከማርቀቅ በፊት የትምህርት ሕጉን፣ የሕፃናት ጥበቃ ድንጋጌዎችንና የጤና መረጃ ሚስጥርን የሚመለከቱትን ሕጎች አንድ በአንድ ተመልከቱ። አንዳንዴ የጎደለው አንድ ሐረግ ብቻ ነው። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ሕግ ተማሪ ሲታመም በፈቃድ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ራሳቸው ገፍተውበት የወጣው ማሻሻያ የአእምሮና የባህርይ ጤና ችግርም እንደ ሕመም እንዲቆጠር አደረገ። አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አላስፈለገም።

2. አንድ ክፍተት ምረጡ

የባለሙያ ቁጥር፣ የመምህራን ሥልጠና፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ የቀሪ ፈቃድና የቅድመ ምርመራ (ችግር ያለበትን ተማሪ በመጠይቅ ቀድሞ የመለየት) ጉዳይ በአንድ ረቂቅ ከተጠቀለሉ፣ ውዱ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ባለሙያ በሌለበት ቦታ ግን ሌሎቹ የሚንጠለጠሉበት ስለሌላቸው ከእሱ መጀመር ይሻላል። ቀላሉን የቀሪ ፈቃድ ብትመርጡም ከባለሙያ ጋር አያይዙት። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካዋ የኢሊኖይ ግዛት ሕግ እስከ 5 ቀን ያለ ሐኪም ማስረጃ ይፈቅዳል፤ ሁለተኛውን ቀን የተጠቀመ ተማሪ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ባለሙያ ሊመራ ይችላል። ይህች መስመር ባትኖር ፈቃዱ ልጁን ብቻውን ቤት አስቀምጦ ይቀር ነበር።

3. አንቀጹን ጻፉ

ይህን አታድርጉ፦ «ትምህርት ቤቶች ለተማሪዎች በቂ የሥነ ልቦና ድጋፍ እንዲሰጡ ይበረታታሉ።» «ይበረታታሉ» ማንንም አያስገድድም፤ «በቂ» ደግሞ ለእያንዳንዱ ርዕሰ መምህር የተለየ ትርጉም አለው። በዚህ ፈንታ፦

«ማንኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህ ሕግ በጸና በሦስተኛው የትምህርት ዓመት ለእያንዳንዱ 250 ተማሪዎች ቢያንስ አንድ የሙሉ ጊዜ አማካሪ ይመድባል። አማካሪው ከሥራ ጊዜው ቢያንስ 80 በመቶውን ለተማሪዎች አገልግሎት ያውላል።»

ሁለቱም ቁጥሮች የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር የሚመክራቸው ናቸው። አሁን 1,200 ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት ፈትሹት፦ 1,200 ለ250 ሲካፈል 4.8 ይመጣል። ክፍልፋዩ ወደ ላይ እንደሚጠጋ ካልተጻፈ በጀት ያጠረው 4 ቀጥሮ «ሕጉን አክብሬያለሁ» ይላል። 80 በመቶው ከተተወ ደግሞ አማካሪው ፈተና ፈታኝ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል አውጪና የቀረ መምህር ተተኪ ሆኖ ዓመቱ ያልቃል። «አማካሪ» የሚለው ቃልም በትርጓሜው አንቀጽ ከነትምህርት ደረጃው ይፈታ፤ አለዚያ የሁለት ቀን ሥልጠና የወሰደ መምህር ማዕረጉን ይይዘዋል።

ባለሙያ በአንድ ጀምበር ስለማይገኝ ደረጃ አብጁለት፦ በመጀመሪያው ዓመት ለ600 ተማሪ አንድ፣ በሁለተኛው ለ400፣ በሦስተኛው ለ250። ያው ትምህርት ቤት 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 5 አማካሪ ይኖረዋል ማለት ነው።

4. ገንዘቡን እዚያው አስቀምጡ

ደመወዝ፣ ሥልጠናና በር ያለው ክፍል በየርእሳቸው ይቆጠሩ። ክፍሉን ብዙዎች ይረሱታል፤ መምህራን ማረፊያ ጥግ ላይ በተቀመጠ ጠረጴዛ ግን ማንም ልጅ ምስጢሩን አያወራም። ገንዘቡ በተማሪ ቁጥር ቢደለደል ይመረጣል። በውድድር የሚሰጥ ከሆነ ማመልከቻ መጻፍ የሚችሉት ይወስዱታል፣ የባሰባቸው ይቀራሉ። የአንድ ጊዜ ድጎማም ሲያልቅ አማካሪውን ይዞት ይሄዳል።

5. የቅድመ ምርመራ ጉዳይ

ብዙ ረቂቅ እዚህ ላይ ይበላሻል። ድብርትን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄው መጠይቅ የመጨረሻው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል። ዓርብ ከሰዓት የተሞላ ቅጽ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ሰኞ ቢነበብስ? ስለዚህ ሕጉ ሦስት ነገር ይዘዝ፦ ቅጹ በተሞላበት ቀን እንዲታይ፤ ለዚያ ጥያቄ «ፈጽሞ» ከሚለው ሌላ መልስ የሰጠ ተማሪ በዚያው ቀን ባለሙያ እንዲያነጋግረው፤ የሚላክበት የሕክምና ተቋም አስቀድሞ በስምምነት እንዲታወቅ። ተቀባይ ሳይዘጋጅ ምርመራ አታዙ።

የወላጅ ፈቃድ ከስንት ዓመት በታች እንደሚያስፈልግ፣ አማካሪው ምስጢር የሚያወጣው መቼ እንደሆነ (በልጁ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲያንዣብብ፣ ጥቃት ሲጠረጠር) በቁርጥ ይጻፍ። የምክር መዝገቡ ከውጤት ፋይሉ ተለይቶ ይቀመጥ።

6. ኮሚቴ ፊት

አንድ ገጽ ማብራሪያና የወጪ ስሌት በቂ ነው። ከሐኪም ሌላ አንድ ርዕሰ መምህርና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይዛችሁ ቅረቡ፤ አባላቱ የሚጠይቁት ስለ አፈጻጸምና ስለ ገንዘብ ነው። የወላጆችንና የመምህራን ማኅበራትን ቅሬታ ከመድረኩ በፊት ስሙ።

7. ከጸደቀ በኋላ

ማስፈጸሚያ መመሪያው በ180 ቀን እንዲወጣና የሚያወጣው መሥሪያ ቤት በስሙ እንዲጠቀስ ሕጉ ውስጥ አስገቡ። ዓመታዊ ሪፖርቱ አንድ ቁጥር አይጉደለው፦ ተማሪ እርዳታ ከጠየቀበት እስከ መጀመሪያው ቀጠሮ ስንት ቀን ጠበቀ? ለአማካሪ የሚቀርቡ ተማሪዎች ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት ማሻቀቡ አይቀርም። ተቃዋሚ ይህንን «ሕጉ በሽታ አመጣ» ብሎ ከማንበቡ በፊት፣ ቀድሞ የሚሄዱበት ያልነበራቸው አሁን እየመጡ መሆኑን የሚያስረዳ መግለጫ ከሪፖርቱ ጋር ይያያዝ።